ሽማግሌ ጭኜ ወንዝ የገባሁ ዕለት

«ለጋብቻ የሚሄድ መኪና አካፋ አይጭንም» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ በከዘራቸው የመኪናዬን ኋላ እየጠቆሙ። «አካፋና ዶማ የሚጫነው ለቀብር ነው። አውርደው ልጄ።»

እሁድ ጠዋት ነው፤ ቡራዩ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ሳምንት አልሞላውም። ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ቆም አለ እንጂ ሰማዩ እንዳኮረፈ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መኪናዬን ከበዋታል። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ በዓይኗ «እሺ በላቸው» ትለኛለች። እሺ አልኩ። አካፋዬን አውርጄ ከግቢው ግንብ ጋር አስደገፍኩት።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በሥራ ቀን አዲስ አበባ ቢሮ ውዬ የምገባ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ግን ጭቃ የሚናፍቀኝ ሰው ነበርኩ። አንድ አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና አለችኝ። ከጓደኞቼ ጋር ከሰበታ ጀርባ ወደ ወጨጫ፣ አንዳንዴም ከሱሉልታ ወዲያ አስፋልት የማያውቀው መንገድ ላይ እንውላለን። ገመድ፣ አካፋ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ፣ የጎማ ንፋስ መሙያ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ውኃ በጀሪካን፤ ይህ ሁሉ ከመኪናዋ ወርዶ አያውቅም። እናቴ «ቤት ለቀህ ልትሄድ ነው?» እያለች ትቀልድብኛለች።

በወጉ ቢሆን በዚያ ቀን መኪናው ውስጥ መገኘት አልነበረብኝም። ሽማግሌ የላከ ልጅ እቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይነክሳል እንጂ ሽማግሌዎቹን ራሱ ጭኖ አይሄድም። መኪናዬን የሚነዳልኝ ጓደኛዬ ቢንያም ነበር። እሱ ጠዋት ደውሎ «ሆዴን ይዞኛል፣ ከአልጋ መነሳት አልቻልኩም» አለኝ። እነ ለሊሴ ቤት የሚያስገባው መንገድ ደግሞ በክረምት ተራ መኪና አያስገባም።

ለሊሴ ማለት የምወዳት ልጅ ናት። የተዋወቅነው ሥራ ቦታ ነው። ቤተሰቧ ከሱሉልታ ከተማ አልፎ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ተሄዶ ወደ ገጠር በሚታጠፈው መንገድ ላይ ይኖራሉ። ወተትና ድርቆሽ የሚሸጡ ገበሬዎች ናቸው። ያን ሳምንት ደውላ «በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። አባቴ ቀድሞ ለመጣ ቃል ከሰጠ ወደ ኋላ አይልም። ከመጣህ በዚህ እሁድ ና» ብላኝ ነበር። ቀኑን ማሸጋገር አይታሰብም።

«እንግዲያው አንተ ንዳ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «እዚያ ስንደርስ ግን ሾፌር ነህ። መኪናህ ውስጥ ትቀመጣለህ። ስምህ አይነሳም፣ አፍህ አይከፈትም።»

ጋሽ ወርቅነህ የሟች አባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ቀኝ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ከኋላ ደግሞ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩና ኦቦ ደቻሳ አሉ። ሐጂ ኑሩ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ ቀልድ የማይጠፋባቸው ሰው ናቸው። ኦቦ ደቻሳ ከአፋቸው ቃል የሚወጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ በወጉ በኦሮምኛ የሚናገሩልን እሳቸው ነበሩ።

ሐጂ ኑሩ ከመኪናው ቁልፍ ጋር የተንጠለጠለችውን ፊሽካ አዩና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ኳስ ልትዳኝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ስልክ በማይሠራበት ሰው መጥሪያ ናት፣ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ። እምቢ ካሉን ቀይ ካርድ እናሳያቸዋለን።»

እየሳቅን ሱሉልታን አለፍን። አስፋልቱን ለቀን ስንታጠፍ ሜዳው ሁሉ ውኃ ተኝቶበታል። መረሬው አፈር ጎማ ላይ እየተለጠፈ ይከብዳል፤ መኪናዋ ግን እያቃሰተች ሄደች። ነጫጭ ጋቢዎቹ ላይ አንድ ጠብታ ጭቃ አልደረሰም። በሆዴ «ቢንያም ቢሆን እስካሁን ሦስቴ ተይዞ ነበር» እያልኩ ኮራሁ።

ከዚያ መልካው ጋ ደረስን። ድልድይ የለውም፤ ጋሪና ከብት የሚሻገርበት ቦታ ነው። ውኃው ቡና ይመስላል፣ ሥሩ አይታይም፤ ግን ሰፊ አይደለም። የጋሪ ጎማ በዚህ ገብቶ በወዲያኛው ዳር እንደወጣ ምልክቱ በግልጽ ይታያል። ወዲያ ማዶ አቀበቱ ላይ የለሊሴ ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያዎች ታዩኝ።

ቆምኩ። የሚደረገውን አውቃለሁ። ወርጄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ በእግሬ ገብቼ፣ በዱላ ሥሩን እየነካሁ መሻገሪያውን መለካት ነው። ሰዓቴን አየሁ። ከቅዳሴ መልስ እንደርሳለን ብዬ ለለሊሴ ነግሬአታለሁ፤ ረፍዶብናል። ጋሽ ወርቅነህም «ምን ያስቆምሃል? ጋሪ የተሻገረውን መኪና ያቅተዋል?» አሉኝ።

ማርሽ ቀየርኩና ገባሁ።

ግማሽ ድረስ ደህና ሄድን። ከዚያ የግራው የፊት ጎማ ባዶ ረገጠ። መኪናዋ ወደ ግራ ወደቀች፣ አፍንጫዋ ውኃ ነካ፣ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጠፋ። ድንገት የውኃው ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ምን ሆንን?» አሉ ሐጂ ኑሩ።

«ጉድጓድ ነው። አይዟችሁ፣ ትወጣለች።»

ወረድኩ። ውኃው ገና ጉልበቴ ላይ አልደረሰም። ጎማው ሁለት ድንጋዮች መሃል ተሰንቅሮ ጠጠርና ጭቃ ሞልቶበታል። ከፊቱ ያለው ተጠርጎ ጣውላው ቢገባለት ምናልባት ትወጣ ነበር። መጥረጊያው አካፋ ግን ቡራዩ ግንብ ተደግፎ ነው ያለው። በእጄ ቆፈርኩ፣ በጎማ መፍቻው ቆፈርኩ። አንድ እፍኝ ሳወጣ ሁለት እፍኝ ይመለሳል። ሞተሩን ልቀስቅስ ብዬ ብሞክርም እምቢ አለ።

ጋሽ ወርቅነህ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። ዓይኔ ከዓይናቸው ሲገጥም አንገታቸውን መልሰው አስገቡ። 

እንደገና ስጎነበስ አንድ ነገር አየሁ። ገለባ ነው። ገለባና የተሰባበረ ጭራሮ በውኃው ላይ ተንሳፎ መጥቶ እግሬን እያሻሸ አለፈ። ቀና አልኩ። እኛ ጋ አንድ ጠብታ የለም፤ ወደ ላይ፣ ተራራው ያለበት ግን ጥቁር ሆኗል። ውኃው ጉልበቴን አለፈ። የቅድሙ ቡናማ መልክ አሁን ወደ ጥቁር ሄዷል።



«ኦቦ ደቻሳ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ደራሽ እየመጣ ነው። መውረድ አለባችሁ። አሁኑኑ።»

እሳቸው የገጠር ልጅ ናቸው፤ ድጋሚ አልጠየቁኝም። አንዴ ወደ ተራራው አይተው ጫማቸውን አወለቁ።

ረጅሙን ገመድ አወጣሁ። አንዱን ጫፍ መኪናዋ ፊት ያለው መጎተቻ መንጠቆ ላይ አሰርኩና ሌላውን ይዤ ወደ ማዶው ዳር ሮጥኩ። ዳሩ ላይ አንድ ወፍራም ጥድ አለ። ዙሪያውን ጠምጥሜ ወጥሬ አሰርኩት። ገመዱ ከጥዱ እስከ መኪናዋ እንደ መደገፊያ ተዘረጋ። ተመልሼ ኦቦ ደቻሳን አሻገርኩ፤ ቀጥሎ ሐጂ ኑሩን። በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ብርድ ልብስና የመጀመሪያ እርዳታውን ሣጥን ሐጂን በጭንቅላታቸው አሸከምኳቸው። ቀልድ ጠፍቷቸው «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያሉ ነው የተሻገሩት። ዳር ሲደርሱ ቁልፉን ከነፊሽካው ወረወርኩላቸው።

«ይንፉ ሐጂ! ሳያቋርጡ ይንፉ!»

ጋሽ ወርቅነህ ብቻቸውን ቀሩ።

ስመለስ ውኃው ጭኔ ላይ ደርሷል። በእሳቸው በኩል ያለውን በር ሞከርኩ፤ ውኃው በዚያ በኩል ስለሚመታ ገፍቶ ይዞታል፣ አይከፈትም። በእኔ በር ገባሁ። መቀመጫቸው ረጥቧል፤ ከዘራቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ወደ ፊት ያያሉ።

«ጋሼ፣ በእኔ በር ነው የሚወጡት። እጅዎን ይስጡኝ።»

«ጉልበቴን ታውቀዋለህ» አሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ መረጋጋቱ ነው ያስፈራኝ። «ይህን ውኃ መቆም አልችልም። ይዤህ ነው የምሄደው። አንተ ውጣ።»

«አይሆንም።»

«እናትህ አንድ ነው ያላት፤ ሁለተኛ የላትም። ውጣ አልኩህ!»

አስተማሪ ስለነበሩ ሲቆጡ ሰው ይታዘዛል። የዚያን ቀን ግን አልታዘዝኩም። በብብታቸው ገብቼ ጎተትኳቸው። የማይታጠፈው እግራቸው ማርሹ ላይ ተሰንቅሮ አስጮሃቸው፤ ቢሆንም ወጡ። ከዘራው እዚያው ቀረ። መኪናዋ የውኃውን ጉልበት ትንሽ ስለከለለችልን ከጎኗ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

«ይታዘሉ። እንደ ልጅ ነው የማዝልዎት።»

«አቤል…»

«ጋቢዎን በእኔ ላይ አዙረው ፊት ለፊት ይያዙት።»

ገና ጠዋት እናቴ ፊት ተኩነስንሰው የለበሱትን ነጭ ጋቢ በሁለታችን ላይ አዙረው ደረቴ ላይ ጨበጡት። ሦስት ኪሎ ሆኖ እንደተወለደ ሕፃን አዘልኳቸው ማለት እወድ ነበር፤ ግን የረጠበ ሽማግሌ ከነጋቢው እንዴት እንደሚከብድ ያዘለው ያውቀዋል። ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ከመኪናዋ ከለላ ወጣሁ።

ውኃው ወገቤን መታኝ። አንድ እርምጃ። እግሬን ሳነሳው ውኃው ይወስደዋል፤ ሳሳርፈው ድንጋዩ ይንከባለላል። ጆሮዬ ሥር ጋሽ ወርቅነህ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደግማሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ይደርሱና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ከፊቴ ፊሽካው ይጮኻል። ከዚያ ሐጂ ኑሩ ፊሽካውን ከአፋቸው አውጥተው «አቤል! ገመዱን! ገመዱን አትልቀቅ!» ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። ከላይ በኩል አንድ ግንድ እየተገላበጠ ይመጣል።

ግንዱ አልመታኝም፤ ቅርንጫፉ ግን እግሬን ጠለፈው። ተንሸራተትኩ። አፌ በጭቃ ውኃ ሞላ፣ ሰማዩ ጠፋ። እጄ ላይ ያለው ገመድ ብቻ ነው የቀረኝ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ለሊሴ አይደለም፣ ስለ ሞትም አይደለም። «ጣቶቼ፣ እንዳትከፈቱ» ነበር የምለው።

አንድ ረጅም ዱላ ፊቴ ላይ መጣ። «ያዝ! ኮቱ፣ ና! ያዝ!» የሚል የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው ዱላውን ያዝኩ። ዱላውን የያዘው ሰው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤ ከኋላው ኦቦ ደቻሳ ቀበቶውን ይዘውታል። ጎተቱን። ጭቃው ላይ በሆዴ ተዘረጋሁ፤ ጋሽ ወርቅነህ ጀርባዬ ላይ እንዳሉ። ደረቴ ላይ የጨበጡትን ጋቢ ለማስለቀቅ ጣታቸውን አንድ በአንድ መፍታት ነበረብን።

ብዙም ሳይቆይ ደራሹ መጣ። ድምፁ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ ይመስላል። መኪናዬ መስኮቷ ድረስ ጠፋች። ገመዱ ተወጠረ፣ ጥዱም ተነቃነቀ፤ ያዘ ግን። ይህንን በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ጋሽ ወርቅነህ ላይ እየጠቀለልኩ ነበር። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። የደረቀ ጨርቅ በዚያ ዳር ላይ ያ ብቻ ነበር።

ያወጣን ሰው ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ፊቱ በጭቃ የተለቀለቀ ገበሬ ነው። «ፊሽካ ሰምቼ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ ብዬ ነበር» አለ። «በዚህ ጭቃ ማን ይጫወታል ብዬ ወጣሁ። በዚህ ሙላት ወዴት ናችሁ?»

ኦቦ ደቻሳ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ አመስግነው፣ «የኦቦ ለሚን ቤት ፈልገን ነው» አሉት።

ሰውየው ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ለምን ፈለጋችሁት?»

«ለጉዳይ።»

ሦስቱንም አንድ በአንድ አየ፤ የጨቀዩትን ጋቢዎች፣ አንድ ጫማቸውን ውኃ የወሰደባቸውን ሐጂ ኑሩን። ከዚያ እኔን አየ።

«ለሚ እኔ ነኝ» አለ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሽማግሌን ወግ ታውቃላችሁ። ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፣ እህል ውኃ አይቀምስም። ጋሽ ወርቅነህ በሁለት ሰው ተደግፈው ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ «ጉ… ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም» አሉ።

ኦቦ ለሚ «ጉዳያችሁ አይሸሽም፣ እናንተ ግን እየሞታችሁ ነው። ኦል ሴና፣ ግቡ!» ብለው ተቆጡ። ሐጂ ኑሩም «እኔስ ገብቻለሁ፤ ወጉን ውኃ ወስዶታል» ብለው ቀድመው ገቡ።

ደረቅ ልብስ አመጡልን። የኦቦ ለሚን ሱሪ ወገቡን በገመድ አስሬ፣ ጋቢያቸውን ደርቤ፣ እሳቱ አጠገብ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ሾፌር አፌን ዘጋሁ። ለሊሴ የፈላ ወተት በጆግ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ለሽማግሌዎቹ ቀድታ እኔ ጋ ስትደርስ ቀና አለች። የአባቷን ጋቢ አየች፤ ከጋቢው በላይ ደግሞ እኔን። ጆጉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ጣቶቼ ገመዱ በልቷቸው ይደሙ ስለነበር ዓይኗ እነሱ ላይ ቀረ። የመጀመሪያ እርዳታውን ሣጥን ከፍታ ፋሻ አስቀመጠችልኝና ገባች።

ጋሽ ወርቅነህ ሙቀት ሲያገኙ ከነብርድ ልብሱ ተነሱ። ሐጂና ኦቦ ደቻሳም ተነሱ። በኦሮምኛም በአማርኛም ወጉ ተባለ፤ ልጅህን ለልጃችን ተባለ። «ልጁ አቤል ይባላል» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «ትሑት ነው። ሥራ ወዳድ ነው። እናቱን የሚጦር ነው።»

ኦቦ ለሚ እሳቱን በእንጨት እየነካኩ አዳመጡ። «ሽማግሌ ሁሉ ልጁን መልአክ አድርጎ ነው የሚያመጣው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሾፌሩ። አንተ ሽማግሌ አይደለህም። ይሄን አቤል የሚሉትን ታውቀዋለህ?»

ሐጂ ኑሩን ሳል ያዛቸው።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

«በደንብ?»

«አብረን ነው ያደግነው።»

«እንግዲያው ጥሩውን ሰምቻለሁ። የሚጎድለውን ንገረኝ።»

ጋሽ ወርቅነህ በዓይናቸው «ዝም በል» ይሉኛል። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ «እንጃ» ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር። ግን ጀርባዬ ላይ ያ የሽማግሌ ክብደት ገና አልወረደም። አሁንም «አቡነ ዘበሰማያት» ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል።

«ችኩል ነው» አልኩ። «የሚፈልገው ነገር ማዶ ከታየው እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ዛሬ ጠዋት መልካው ጋ ሲደርስ ወርዶ በእግሩ መለካት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ጓደኞቹን የሚመክራቸው እሱ ነው። ግን እንዳይቀደም ፈራና ሳይለካ ገባ። የአባቱን ጓደኛ ሊገድላቸው ነበር።»



«አባባ» አልኩ፣ «አቤል እኔ ነኝ።»

ኦቦ ለሚ እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ጣሉት። «አውቃለሁ» አሉ። «ወንዙ ውስጥ ስምህ ሲጠራ ሰምቻለሁ። ልጄም ጆጉን እንዴት እንደያዘችው አይቻለሁ። አርጅቻለሁ እንጂ አልታወርኩም።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ትናገር እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ። ችኩል ነኝ ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። አንተ ያላልከውን ደግሞ እኔ ልጨምር። ውኃው መኪናህን ሲውጣት እዚያው ነበርኩ። አንዴም ዞረህ አላየሃትም፤ ሽማግሌውን ነበር የምታለብሰው።» ወደ ጋሽ ወርቅነህ ዞሩ። «መልስ ዛሬ አልሰጥም። ዘመድ አለኝ፣ እመክራለሁ። ለሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎች ግን አትምጡ ብዬ እልካለሁ። አሁን ተቀመጡ፣ ብሉ።»

ከጓዳው ውስጥ የሆነ ዕቃ ወድቆ ሲንኳኳ ተሰማ። ሐጂ ኑሩ ሳቃቸው መጣ፣ ከዚያ ኦቦ ደቻሳ፣ ከዚያ ሁላችንም። ጋሽ ወርቅነህ ግን እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። 

ከሰዓት በኋላ ውኃው ጎደለ። መኪናዬ በገመዱ ተንጠልጥላ፣ ጭቃ ጠጥታ፣ እዚያው ነበረች። የሰፈሩ ሰው በሬ ይዞ ወረደ። ኦቦ ለሚ አንድ ትልቅ አካፋ አምጥተው ሊሰጡኝ ሲሉ ጋሽ ወርቅነህ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው አዩ።

«ለጋብቻ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «ቆፍር ልጄ፣ ቆፍር። እኔ ምንም አላየሁም።»

ሽማግሌዎቹ አስፋልቱ ድረስ በፈረስ ጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ቡራዩ ተመለሱ። እኔ መኪናዋን ሱሉልታ ጋራዥ አስጎትቼ አስገብቼ ተከተልኳቸው። እቤት ስደርስ እናቴ የለበስኩትን ሱሪ አየችና «የማን ነው?» አለችኝ። «የአማቴ» ልላት ፈልጌ አፌ ላይ መለስኩት፤ መልሱ ገና አልመጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መጣ።

አንባቢዎቼ፣ ከከተማ ወጥታችሁ አስፋልት በሌለበት የምትነዱ ካላችሁ፣ እኔ የከፈልኩበትን እናንተ በነፃ ውሰዱት። ረጅም ገመድ ያዙ፤ የሰው መደገፊያም የመኪና ማሰሪያም ይሆናል። አካፋውን ማንም «አውርድ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ሽማግሌም ቢሆን በትሕትና ተከራከሩ። ብርድ ልብስና ቅያሪ ልብስ በፕላስቲክ ጠቅልሉ፤ ያልተጠቀለለ ብርድ ልብስ ከተዘፈዘፈ በኋላ ሸክም ነው። አንዲት ፊሽካ ኪሳችሁን አትሞላም፤ ስልክ ሲደክም እሷ አትደክምም። በየት መንገድ እንደምትሄዱም ለቤት ሰው ተናገሩ። ደግሞ ማዶ ሰማዩ ከጠቆረ እናንተ ጋ ፀሐይ መሆኑን አትመኑ።

ይህ ሁሉ ግን መኪናው ኋላ ተጭኖ እያለም ሰው ሊሞት ይችላል። እኔ የጎደለኝ አካፋ ብቻ አልነበረም። ወርዶ መለካት የወሰደ ቢወስድ ትንሽ ደቂቃ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በሥራም በኑሮም ልቸኩል ስል ያ የጭቃ ውኃ ጣዕም አፌ ላይ ይመጣል፤ ቆም እላለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ሚስቴ ትመሰክራለች።

በቅርቡ ከለሊሴ ጋር አማቾቼን ጠይቀን ስንመለስ መልካው ደፍርሶ ጠበቀን። መኪናዋን አቆምኩ። ልወርድ በሩን ስከፍት እሷ ቀድማኝ ወርዳለች፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዱላ ይዛ። «አንተ ገመዱን ያዝ» አለችኝ። አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ አሰረች፤ እኔ ዳር ቆሜ ሌላውን በክንዴ ላይ ጠምጥሜ ያዝኩ። እየነካካች፣ እየቆመች፣ መሃል ደረሰች። ውኃው ጉልበቷን ሳይነካ ቆመ። እስከ ወዲያኛው ዳር ሄደች፤ ወጣች፤ ዞራ እርጥብ እጇን አወዛወዘችልኝ።

«ና!» አለችኝ እየሳቀች። «ቀስ ብለህ ና!»